ሁሉም ሶፍት ሽንት ቤት አይገባም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የጋዜጣችሁ የረጅም ጊዜ አንባቢ ነኝ፣ የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው፣ እስከዛሬ ግን ደብዳቤ ጽፌላችሁ አላውቅም። ዛሬ የምጽፈው ስለ ሶፍትና ስለ ሴፍቲ ታንክ ነው። በየቤቱ ያለ ችግር ነው ግን ሰው አፍሮ አያወራውም፣ ጎረቤት እንኳን ሽታው ሲመጣ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል እንጂ ምን ሆናችሁ ብሎ አይጠይቅም፣ እና ሁሉም በየግቢው ለብቻው ይቸገራል ለብቻው ይከፍላል።

እኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ታናሽ እህቴ ወልዳ እናታችን ጋ ልትታረስ መጣች። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ሕፃኑ ቆዳው ቶሎ ይቆጣል፣ ስለዚህ በየሰዓቱ በእርጥብ ሶፍት ይጠረጋል፣ ጠያቂው ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ አይቋረጥም፣ ገንፎው ቡናው እንደሆነ ነው፣ ሽንት ቤቱ በቀን ስንት ሰው እንደሚገባበት መቁጠር ያስቸግራል። ሶስተኛው ሳምንት ላይ ውሃ ሲደፋበት ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ፣ ከዛ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምጽ፣ እኛ ደግሞ ስራ በዝቶብን ነገ እናሳየዋለን እያልን ተውነው። አንድ ቀን ማለዳ እማዬ ልትታጠብ ስትገባ ከሻወሩ ማፍሰሻ ጥቁር ውሃ ወደላይ ወጥቶ ወለሉን ሞልቶታል። አራስ ባለችበት ቤት! እማዬ እዛው በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች፣ እህቴን ከነልጇ በዛው ቀን ከዚራ ሰፈር አክስታችን ጋ ወሰድናት።

የቧንቧ ሰራተኛው መጣ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ብዙ ሳይናገሩ የግቢውን ፖዜቶ፣ ቱቦው የሚታይበትን ትንሽዬ ጉድጓድ፣ ከፈቱና ጫፉ የታጠፈ ብረት ሰደዱ። መጀመሪያ አልመጣላቸውም። ሲስቡ ሲስቡ አንድ ክንድ የሚያህል ነገር ወጣ፣ ግራጫ፣ እንደ ገመድ የተጎነጎነ፣ ቅባት የጠጣ። ውሃ አፈሰሱበትና መሬት ላይ ዘረጉት፣ ጎንበስ ብዬ ሳየው እርጥብ ሶፍት ነው፣ አንዱ ከሌላው ጋር ተጠማዞ፣ ላዩ ላይ የታተመችው ትንሽዬ አበባ እንኳን አልጠፋችም። ስንት ጊዜው ነው አሉኝ፣ ሶስት ሳምንት ቢሆነው ነው አልኳቸው። «እታለም፣ ይሄ ሶስት ዓመትም ቢቀመጥ እንዲሁ ነው» አሉኝ። ከስሩ ደግሞ የገበታ ናፕኪን አለ፣ እንግዶቹ እጃቸውን የጠረጉበት፣ እሱም ቅርጹን እንደያዘ።

የምታግዘንን ልጅ ጠየቅናት፣ ልንቆጣት አይደለም፣ ለማወቅ ነው። «ሶፍት ብላችሁ ነው የሰጣችሁኝ፣ ሶፍት ደግሞ ሽንት ቤት ነው የሚጣለው» አለች። ልክ ናት! እኔን ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የሷ መልስ ነው። እኛ አገር ጥቅልሉም ሶፍት ነው፣ የገበታውም ሶፍት፣ የፊቱም ሶፍት፣ የኪችኑ ወፍራሙም ሶፍት፣ በፓኬት ያለው እርጥቡም ሶፍት። ባለሱቁም ገዢውም ሶፍት ስጠኝ ነው የሚባባለው። ስማቸው አንድ ስለሆነ መጣያቸውም አንድ ሆነ፣ ግን ለታንኩ ሲሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከዛ በኋላ ነገሩን ማንበብ ጀመርኩ፣ ሰራተኛውንም እንደገና ጠርቼ ብዙ ጠየቅኳቸው። ሶፍት የሚሰራው ከእንጨት ጭረት ነው፣ ጭረቶቹ ውሃ ሲነካቸው እንዲለያዩ ተደርጎ የሚሰራው የሽንት ቤቱ ጥቅል ብቻ ነው። የኪችኑ፣ የፊቱና አብዛኛው የገበታ ናፕኪን ግን ውሃ ሲነካው እንዳይበጣጠስ የሚያጠነክር ሬዚን ይጨመርበታል፣ ምክንያቱም ስራው እርጥብ መጥረግ ነው፣ እጅ ላይ ከተበጣጠሰ ማን ይገዛዋል። እርጥቡ ሶፍት ደግሞ አብዛኛው ጭራሽ ወረቀት አይደለም፣ ውስጡ ፖሊስተር አለበት፣ ፕላስቲክ ማለት ነው፣ ሽንት ቤት መጣል ጨርቅ መጣል ማለት ነው። ፓኬቱ ላይ ፍላሸብል፣ ሽንት ቤት ይጣላል ማለት ነው፣ የሚል በእንግሊዝኛ የተጻፈባቸው አሉ፣ እነሱንም አትመኑ፣ ከመቀመጫው ወርዶ ከአይን መጥፋትና ታንክ ውስጥ መፍረስ ለየቅል ናቸው። ለንደን ከተማ ስር በ2017 እ.ኤ.አ. 250 ሜትር ርዝመት ያለው 130 ቶን የሚመዝን ድፍን ነገር ተገኝቶ ነበር፣ የምግብ ቅባትና እርጥብ ሶፍት ተጋግሮ የሰራው። ያ የትልቅ ከተማ የፍሳሽ መስመር ነው፣ የኛ ግቢ ቱቦ የጭን ውፍረት እንኳን የለውም።

ታንኩ እንዴት እንደሚሰራ ብዙ ሰው አያውቅም፣ እኔም አላውቅም ነበር፣ ጉድጓድ ነው ይሞላል ይመጠጣል በቃ ብዬ ነበር የማስበው። በትክክል የተሰራ ሴፍቲ ታንክ ውስጥ ግን ነገሩ በሶስት ይከፈላል፣ ቅባቱ ላይ ይንሳፈፋል፣ ከባዱ ታች ይዘቅጣል፣ መሀል ላይ ያለው ጠራ ያለ ውሃ ወደ ሁለተኛው ክፍል ከዛም ወደ መስረጊያው ጉድጓድ ይሄዳል። ታች የዘቀጠውን ያለ አየር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ቀስ እያሉ ይበሉታል፣ ሙቀት ይስማማቸዋልና ድሬ ለነሱ ጥሩ አገር ነው። በውሃ የተፈታታ ሶፍት ታች ወርዶ አብሮ ይበሰብሳል። ያልተፈታው ግን ላይ ከቅባቱ ጋር ተጋግሮ ክዳን ይሰራል ወይም መውጫው ላይ ያለችውን ቲ ቅርጽ ያላት ቱቦ ይዘጋል፣ ወይም ደግሞ እንደኛ ገና ታንኩ ጋ ሳይደርስ ፖዜቶው ላይ ይቀራል። መስረጊያው ውስጥ ከገባ ይብሳል፣ አፈሩ አንዴ ከተደፈነ ውሃ አልሰርግም ይላል፣ መምጠጥም ብዙ አይረዳም፣ ሌላ ጉድጓድ መቆፈር ነው የሚሆነው።

እንግዲህ የቱን እንግዛ ለሚለው ቤት ውስጥ ያደረግኩትን ልናገር፣ ማንም ሊያደርገው ይችላል። አራት ባዶ ሃይላንድ ወሰድኩ፣ ግማሽ ድረስ ውሃ ሞላኋቸው። አንዱ ውስጥ ከሰፈር ሱቅ የተገዛ ስስ ጥቅል ሶፍት ሁለት ቅጠል ጠቅልዬ አስገባሁ፣ ሁለተኛው ውስጥ ያንን ወፍራሙን ባለ ሶስት ድርቡን እንግዳ ሲመጣ የምናወጣውን፣ ሶስተኛው ውስጥ ናፕኪን፣ አራተኛው ውስጥ እርጥቡን። እስከ ሃያ እየቆጠርኩ እያንዳንዱን ነቀነቅኩ። ስሱ ወዲያው ፈረሰ፣ ውሃው እንደ ቀጭን አጥሚት ሆነ፣ ይሄ ቅጠል ነበር ብሎ የሚለየው የለም። ወፍራሙ ጉብጉብ እያለ ቀረ፣ ግማሽ ሰዓት አስቀምጬ እንደገና ስነቀንቀው ነው የተፈታታው፣ ያም ቢሆን ቁርጥራጭ ነበረው። ናፕኪኑ ጠርዙ ላይ ትንሽ ተቀደደ እንጂ ሙሉ ነው፣ በነጋታውም ሙሉ ነው። እርጥቡን አልነግራችሁም፣ መስኮት ላይ ስምንት ቀን አቆይቼው ሳወጣው ጨምቄ ገበታ ብጠርግበት ይጠርግ ነበር።

ከዛ ወዲህ አዲስ ዓይነት ሶፍት ቤታችን ሲገባ መጀመሪያ ሃይላንድ ውስጥ ነው የሚገባው። ውድና ወፍራም ማለት ጥሩ ማለት አይደለም፣ ለታንክ ሲሆን እንደውም ተቃራኒው ነው፣ ስስ፣ ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ድርብ፣ ሲነካ ልል የሆነ ይሻላል። ተመልሶ ከተፈጨ ወረቀት የሚሰራው ጠቆር ያለውና ሻከር የሚለው ሶፍት ሰው ይንቀዋል ግን ጭረቱ አጭር ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይፈርሳል። ሴፕቲክ ሴፍ፣ ለሴፍቲ ታንክ ይስማማል ማለት ነው፣ የሚል ምልክት ያለው ካገኛችሁ ጥሩ ነው፣ ግን እዚህ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ሄዳችሁ ብታዩ አንዱ በአረብኛ አንዱ በቻይንኛ አንዱ በቱርክኛ ነው የተጻፈበት፣ ማን አንብቦ ይገዛል፣ የሃይላንዱ ሙከራ ግን ቋንቋ አይፈልግም። መሀል ያለችውን ካርቶን ደግሞ አደራ ሽንት ቤት አትጨምሯት፣ ልጆች ናቸው የሚያደርጉት።

አንድ ነገር ግን አለ። ጥሩ ሶፍት መግዛት ብቻውን አይበቃም፣ ሶፍቱን የሚወስደው ውሃ ነው። ሽንት ቤት ፍላሽ ሲደረግ አዳዲሶቹ 6 ሊትር ገደማ ነው የሚለቁት፣ የድሮዎቹ ከ9 ሊትር በላይ። እኛ ጋ ውሃ በተራ በሚመጣበት ጊዜ ሰው ምን ያደርጋል፣ ከበርሜል በጆግ ቀድቶ ይደፋል፣ አንድ ሊትር ቢሆን ነው። በአንድ ሊትር ሶፍቱ ብዙ ጊዜ ከመቀመጫው ጎሮሮ አያልፍም፣ እዛው ተቀምጦ የሚቀጥለውን ይጠብቃል። የድሬ ውሃ ደግሞ ድንጋያማ ነው፣ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጡን እዩት፣ ያ ነጭ ቅርፊት ሽንት ቤቱ ጎሮሮና ቱቦው ውስጥም ይጋገራል፣ ሻካራ ሲሆን ወረቀት ይይዛል። ስለዚህ ውሃ በሌለበት ቀን ሶፍቱን ክዳን ያለው ቅርጫት ውስጥ መጣል ነው የሚሻለው፣ በየቀኑ ማውጣት ነው፣ ካልሆነ ባልዲውን ሞልቶ በአንድ ጊዜ ከላይ መድፋት። ቅርጫት ደስ አይልም የሚል አለ፣ አውቃለሁ፣ እማዬም መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር፣ ሻወሩን ካየች በኋላ ራሷ ነች ክዳን ያለውን ገዝታ የመጣችው።

ጎረቤታችን ሐጂ ታንካቸው ከኛ ቀድሞ የተሰራ ነው፣ ችግር ሰምቼ አላውቅም፣ ስጠይቃቸው «እኛ በውሃ ነው የምንታጠበው ልጄ፣ ወረቀቱ ለማድረቂያ ነው፣ እሱም አንዲት» አሉኝ። ይሄ ራሱ ትምህርት ነው፣ ድሬም ሐረርም ስንት ቤት በጆግ ውሃ የሚታጠብ አለ፣ አሁን ደግሞ ከቧንቧው ጋር የምትገጠም ትንሽ መርጫ በየሱቁ ትሸጣለች፣ እኛም አስገጠምን። ሶፍታችን ግማሽ እንኳን አይሄድም አሁን።

ሶፍት ብቻም አይደለም በርግጥ። ሞዴስ፣ ዳይፐር፣ የምግብ ዘይት፣ የቡና አተላ፣ ገረባ (የጫት ትራፊ)፣ ሁሉም ይሄን ጉድጓድ ነው የሚያየው። አቦ ገረባ ምን ሊሆን ሽንት ቤት ይጣላል! በረኪና ለማጽዳት ያህል ችግር የለውም፣ ሽታ ለማጥፋት ተብሎ ጀሪካን ሙሉ ሲደፋ ግን ያን ስራ የሚሰሩትን ባክቴሪያዎች ነው የሚገለው። እርሾ ጨምሩበት የሚል ምክርም ሰምቻለሁ፣ ዱቄት የሚሸጥም አለ፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት እንኳን እነዚህ ጭማሪዎች አያስፈልጉም ነው የሚለው፣ የሚለው በ3 እስከ 5 ዓመት አንዴ አስመጥጡ ነው። እኛ ግን ቦቴ የምንጠራው ሲገነፍል ብቻ ነው፣ የመጨረሻው መቼ እንደተመጠጠ እማዬም አታስታውስም፣ አሁን ቀኑን የሽንት ቤቱ በር ውስጠኛው ላይ በማርከር ጽፈነዋል።

ስለዚህ ነገር ሌላ ምንም ባታትሙ የሚከተለውን አትሙልኝ። ታንክ ሲደፈን ርካሽ ነው ተብሎ የቀን ሰራተኛ በገመድ አስሮ ማውረድ አለ። አታድርጉት! ታንኩ ውስጥ ኦክስጅን የለም፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ አለ፣ መጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዝና ሽታው ጠፋ ያስብላል፣ በሁለት ትንፋሽ ሰው ይወድቃል። ከዛ ሊያወጣው የገባውም አብሮ ይቀራል፣ ሁለትና ሶስት ሰው በአንድ ጉድጓድ የሚሞተው በዚህ ነው። የኛን ፖዜቶ የከፈቱት ሰውዬ እንኳን ታንኩን ሲከፍቱ ክዳኑን አንስተው ራቅ ብለው ቆዩ፣ አንገታቸውን ወደ ውስጥ አላስገቡም፣ ልጅ እንዳይጠጋ ብለው እኔን በር ላይ አቆሙኝ።

ድሬ ላይ ደግሞ ነገሩ ከግቢ አጥር ያልፋል። የምንጠጣው ውሃ ከከርሰ ምድር የሚሳብ ነው፣ ከጉድጓዶቹ ከፊሉ እዚሁ ሳቢያን ነው ያሉት፣ እኛ ከላይ ሽንት ቤት ቆፍረን ከታች ውሃ እንቀዳለን ማለት ነው። የድሬን የከርሰ ምድር ውሃ ያጠኑ ሰዎች ናይትሬት የሚባል ኬሚካል ከፍ ብሎ ማግኘታቸውንና ይሄንንም ከሽንት ቤት ጉድጓዶች ጋር ማያያዛቸውን አንብቤያለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፣ ከዛ ሲበልጥ በተለይ በጡጦ የሚያድግ ሕፃን ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል፣ ናይትሬት ደግሞ ውሃውን በማፍላት አይጠፋም። ሶፍቱ ራሱ ናይትሬት አያመጣም፣ እሱን ለማለት አይደለም። ግን ታንኩ ሲደፈንበት ሰው ምን እንደሚያደርግ አይተናል፣ ጎኑን ይበሳዋል፣ ወይ ሌሊት ቱቦ ዘርግቶ ወደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ይለቀዋል፣ ደረቅ ነው ብሎ። ያ አሸዋ ሁልጊዜ ደረቅ አይደለም፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል፣ ጎርፍ ሲመጣ የጣልነውን ይዞ ነው የሚመጣው። የእህቴ ልጅ ገና ሁለት ወሩ ነው፣ ወተት ስለማይበቃው ጡጦ ይጨመርለታል፣ ስለዚህ ይሄን ስጽፍ ስለ ሰው ቤት እያወራሁ አይደለም።

ሶፍት የምታመርቱና የምታስመጡ ሰዎች ጋዜጣውን የምታነቡ ከሆነ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፣ ጥቅሉ ላይ ሽንት ቤት የሚገባ ወይም ሽንት ቤት የማይገባ ብላችሁ ጻፉልን፣ በአማርኛ በኦሮምኛ በሶማሊኛ፣ ማንበብ ለማይችል ደግሞ የተሰረዘ የሽንት ቤት ስዕል አድርጉበት። ናፕኪንና እርጥብ ሶፍት ላይ ግዴታ ቢሆን ደስ ይለኛል። ሱቅ ያላችሁ ደግሞ ሶፍት ስጠኝ ሲባል ለምን ብላችሁ ጠይቁ፣ ለሽንት ቤት ነው ለገበታ? የኛ ሰፈር ባለሱቅ ሃይላንዶቹን ካሳየሁት ወዲህ ይጠይቃል፣ ጥቅሉንና ናፕኪኑንም ሌላ ሌላ መደርደሪያ ላይ ለያይቶ አስቀምጧል።

በመጨረሻ ሐረር ያላችሁ አንባቢዎች፣ በተለይ ጀጎል ውስጥ ያላችሁ፣ የምጠይቃችሁ ነገር አለ። እኛ ጋ ቢያንስ ቦቴው በር ድረስ ይመጣል፣ እናንተ ጋ መንገዱ አህያ ከነጭነቷ እንኳን በግድ የምታልፍበት ቦታ አለ። ሲሞላባችሁ ቱቦውን ስንት ሜትር ዘርግታችሁ ነው የምታስመጥጡት፣ ወረቀቱንስ ታንክ ውስጥ ነው የምትጥሉት ወይስ ለብቻው? ሌላዋ አክስቴ ቤቷ እዛው ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ነው፣ ታንክ ልታሰራ አስባለች፣ ከመቆፈሯ በፊት የሚያውቅ ሰው እዚሁ ጋዜጣ ላይ ቢጽፍልን።

አክባሪያችሁ
የሳቢያን ነዋሪ፣ ድሬዳዋ